ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ዘርዓ ክህነቱ ሲጎድል

ከደብሊን በስተ ምዕራብ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሜይኑዝ ከተማ፣ የቅዱስ ፓትሪክ ኮሌጅ የሚባል የዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት አለ። የተመሠረተው በ1795 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአንድ ጊዜ አምስት መቶ ያህል የክህነት ተማሪዎችን ይዞ ያስተምር ስለነበር፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በካቶሊኩ ዓለም ካሉት ትልልቅ ዘርዓ ክህነቶች ጋር ይቆጠር ነበር። በ2017 መጸው ካህን ለመሆን በሩን አልፈው የገቡት አዲስ ተማሪዎች ስድስት ናቸው።

ይህን የሰማ ሰው ምክንያቱ ወዲያው የሚገባው ይመስለዋል። አንዱ በካህናት እጅ የተበደሉትን ሕፃናትና በደሉን የሸፈኑትን ጳጳሳት ያነሳል። ሌላው ዘመኑ እምነት አጥቷል ይላል። ሁለቱም የሚሉት ነገር መሠረት አለው። ችግሩ ከዓመታቱ ጋር አለመግጠሙ ነው። በአየርላንድ የክህነትና የምንኩስና ጥሪ ቁልቁል መውረድ የጀመረው ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ቅሌት አደባባይ የወጣው ግን በ1992 ነው። እምነትን በተመለከተም፣ በ1973 እና 1974 በተደረገ ጥናት ከመቶ ዘጠና አንድ የሚሆኑት የአገሪቱ ካቶሊኮች በየሳምንቱ ያስቀድሱ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ እሑድ እሑድ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ነው ዘርዓ ክህነቱ መጉደል የጀመረው። ይህ ነገር በደንብ ቢጤን ኖሮ ብዙ ነገር ቀድሞ ይታይ ነበር ብዬ አምናለሁ። ለማጤን ደግሞ ከሙላቱ ዘመን አስቀድሞ ወደነበረው መመለስ ያስፈልጋል።

አየርላንድ ሁልጊዜ የካህናት ምድር አልነበረችም። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የወጣ ሕግ ጳጳሳትንና መነኮሳትን ከአገር እንዲወጡ አዘዘ። በ1704 ደግሞ የቀሩት ካህናት በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፉ ተደርጎ 1,089 ሰዎች ተመዘገቡ። ካህን መሆን የሚፈልግ ወጣት ባሕር ተሻግሮ ሳላማንካ፣ ፓሪስ፣ ሉቨን ወይም ሮም መማር ነበረበት። የፈረንሳይ አብዮት ሲመጣ ከእነዚህ ኮሌጆች ብዙዎቹ ተዘጉ። ያን ጊዜ የለንደን ሹማምንት አንድ ስጋት ገባቸው፤ የአየርላንድ ካህናት በውጭ አገር የአብዮት ሐሳብ ቀስመው ከሚመለሱ አገራቸው ቢማሩ ይሻላል አሉ። ሜይኑዝ በፓርላማ ሕግ የተቋቋመው በዚህ ስሌት ነው። በ1845 ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል የኮሌጁን ዓመታዊ ድጎማ ከ9,000 ፓውንድ ገደማ ወደ 26,360 ሲያሳድጉ በእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ታላቅ ቁጣ ተነሣ። እንግዲህ ያ ታላቅ የካህናት ቤት በሥጋዊ መንግሥት ፍርሃትም ጭምር ታንጿል ማለት ነው።

ሜይኑዝ ተከፍቶም ቢሆን የካህን እጥረቱ አልተቃለለም። በ1840 ገደማ አንድ ካህን ለሦስት ሺህ ምእመናን ይደርስ ነበር። ብዙ ገጠሬ በሳምንቱ አያስቀድስም፤ የጸሎት ቤቱ ጠባብ፣ መንገዱ ሩቅ ነበር። እምነቱ በጠበል፣ በቅዱሳን በዓልና በአያቶች ልማድ የሚኖር እንጂ በቅዳሴ ቁጥር የሚለካ አልነበረም። ከዚያ በ1845 የድንች በሽታው መጣ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በረሃብ ወለድ በሽታ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ ደግሞ በመርከብ ተሰደደ። በ1841 ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ስድስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሆነ።

በዚህ ፍርስራሽ ላይ ነው ፖል ከለን ከሮም የመጡት። በ1850 በተርልስ ከተማ የጳጳሳት ሲኖዶስ ጠሩ፤ በኋላ የደብሊን ሊቀ ጳጳሳት፣ በ1866 ደግሞ የመጀመሪያው አየርላንዳዊ ካርዲናል ሆኑ። ሥርዓቱን አጠበቁ፤ ሱባዔውን፣ መቁጠሪያውንና ኑዛዜውን በየቁምስናው ተከሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት አሠሩ። ኤሜት ላርኪን የተባሉት የታሪክ ምሁር በ1972 ይህን ዘመን «የመንፈሳዊ ሕይወት አብዮት» ብለው ሰየሙት። ሕዝቡ በስደት ሲያንስ ካህናቱ በዙ፤ በ1900 አንድ ካህን ለዘጠኝ መቶ ሰው ይደርስ ጀመር። ብዙ አየርላንዳዊ «የአባቶቻችን እምነት» እያለ የሚናፍቀው ሙላት እንግዲህ ከረሃቡ በኋላ የተሠራ ነው። የቆየውም ከመቶ ዓመት ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ አንድ ልዩነት ማስታወስ ግድ ይላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቄስ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ማሳውን እያረሰ ይቀድሳል፤ የቄስ ልጅ ዲያቆን፣ የዲያቆኑ ልጅ ደግሞ ደብተራ ወይም ቄስ ሲሆን ማየት ብርቅ አይደለም። በላቲን ሥርዓት ግን ካህን አያገባም። እያንዳንዱ ትውልድ ካህናቱን በሙሉ የሚያገኘው ከምእመናን ቤት ነው። ስለዚህ የካህናት ቁጥር ታሪክ ከሥር ሲታይ የጭሰኛው፣ የባለሱቁ፣ የመምህሩ ቤት ታሪክ ነው፤ ስንት ልጅ ይወልዳሉ፣ መሬቱ ለማን ይደርሳል፣ የተቀሩት ልጆች ምን ይበላሉ የሚለው ጥያቄ ከመንበረ ታቦቱ ሩቅ አይደለም።

የአየርላንድ ገበሬ ከረሃቡ በፊት መሬቱን ለወንዶች ልጆቹ ይሸነሽን ነበር። ልጆቹ በለጋነታቸው ያገቡና በቁራሽ መሬት ድንች ተክለው ይኖራሉ። ረሃቡ ይህን ልማድ አጠፋው። ከዚያ ወዲህ መሬት አይቆረስም፤ አንድ ልጅ ብቻ ይወርሳል፤ እሱም አባቱ ካላረፈ ወይም ካላስረከበው ጎጆ አይወጣም። በ1930ዎቹ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ኮንራድ አረንስበርግና ሶሎን ኪምቦል በክሌር አውራጃ ተቀምጠው ይህን ኑሮ በዝርዝር መዝግበዋል። አርባ ዓመት የሞላው ሰው አባቱ እስካለ ድረስ «ልጁ» ነው። ሩብ ያህሉ ሴትና ከዚያም የሚበልጠው ወንድ ሳያገባ ያረጃል። ስድስትና ሰባት ልጅ ባለበት ቤት አንዱ መሬቱን ይይዛል፤ አንዷ ከአባቷ ቤት ገንዘብ ተሰጥቷት ትዳራለች፤ ሌሎቹ ቦስተን ወይም ሊቨርፑል ይሄዳሉ። ጭንቅላቱ ለትምህርት የተከፈተው ልጅ ካለ ደግሞ ወደ ሀገረ ስብከቱ ኮሌጅ ይላካል።

በዚያ አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በክፍያ ነበር። ለድሃ ገበሬ ልጅ የተማረ ሰው ለመሆን የተከፈተው ሰፊ በር የክህነት በር ነው። ሳያገቡ መኖርም እንደ እንግዳ ነገር አይታይም፤ አጎቱም ጎረቤቱም ሳያገባ ይኖራልና። ቤተ ክርስቲያን ለዚያ ሕይወት ክብርና ትርጉም ትሰጠዋለች። ልጁ ክህነት ተቀብሎ ሲመለስ መንደሩ በሙሉ ይወጣል፤ የገዛ እናቱ ተንበርክካ የመጀመሪያውን ቡራኬ ትቀበላለች። ለአንዲት የአየርላንድ እናት ከዚህ የሚበልጥ ቀን አልነበረም።

ይህን ስል ጥሪው የሆድ ነበር እያልኩ አይደለም። ያን የሚል ሰው በናይጄሪያ ጫካ በወባ ያለቁትን፣ በቻይና ታስረው የሞቱትን አያውቅም። ጥሪ የሚመጣለት ሰው ግን ቤተሰብ ያለው፣ አገር ያለው ሰው ነው። እግዚአብሔር ሲጠራ ድምፁ የሚሰማበት ቤት ጸጥ ያለ ወይም የሚጮህ፣ የሰፋ ወይም የጠበበ ሊሆን ይችላል። ከረሃቡ እስከ 1960ዎቹ ባለው ዘመን የአየርላንድ ቤት ለዚያ ጥሪ እንደዚያ የተመቸ ነበር፤ እንዲህ ያለ መመቻቸት ደግሞ በታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሞልቶ ሲፈስ ለዓለም ተረፈ። በ1842 ጆን ሃንድ የተባሉ ካህን በደብሊን ኦል ሃሎውስ ኮሌጅን ከፈቱ፤ ከዚያ የወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ካህናት አውስትራሊያን፣ አሜሪካን፣ እንግሊዝንና ደቡብ አፍሪካን አገልግለዋል። በ1916 ለቻይና የሚሆን የሚስዮን እንቅስቃሴ በሜይኑዝ ተጀመረ፤ የኮሎምባን አባቶች ማኅበር ከዚያ ወጣ። በ1932 በኪልቲገን የቅዱስ ፓትሪክ ሚስዮናውያን ማኅበር ለናይጄሪያ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የቅዱስ ቁርባን ጉባኤ በደብሊን ሲካሄድ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በፊኒክስ ፓርክ ቅዳሴ ላይ ተሰበሰበ። አዲስ ነፃ የወጣች ድሃ አገር በዚህ ኮራች፤ መኩራቷም አያስወቅሳትም።

የሚያሳዝነኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1950ዎቹ የመልማይ ካህናት ጉዞ የተለመደ ሥራ ሆነ። ከየማኅበሩ የተላኩ ሰዎች በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ፣ ስለ ሚስዮን ተናግረው፣ ፈቃደኛ የሆነ ልጅ እጁን እንዲያወጣ ይጠይቃሉ። አሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጅ ቤቱን ትቶ ወደ ማኅበሩ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። ቁጥሩ ያድጋል፤ ቁጥሩ ስላደገም ሁሉ ደኅና ነው ይባላል። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ግን አራት መቶ ሺህ ያህል ሰው አገሪቱን ለቆ ወጣ፤ በ1961 የሪፐብሊኩ ሕዝብ 2.8 ሚሊዮን ሆኖ ተመዘገበ፤ ከዚያ በታች ወርዶ አያውቅም። ካህናት የሚወጡበት መንደር ባዶ እየሆነ ነበር። የአዲስ ገቢ ተማሪዎችን መዝገብ የያዙት ጳጳሳት ወደ ምንጩ አልተመለከቱም። እኔ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ከፍታውን እንደ መደበኛ ነገር ቆጠሩት።

ለውጡ ሲመጣ ከየአቅጣጫው መጣ። በ1958 መንግሥት በኬን ዊተከር ጥናት ላይ ተመሥርቶ ኢኮኖሚውን ለውጭ ባለሀብት ከፈተ። በ1961 የመጨረሻ ቀን የአገሪቱ ቴሌቪዥን ሥርጭት ጀመረ። ከ1962 እስከ 1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ተካሄደ፤ ምእመንም በጥምቀቱ ወደ ቅድስና የተጠራ መሆኑን አጉልቶ አስተማረ። በ1966 ሜይኑዝ ራሱ በሩን ለምእመናን ተማሪዎች ከፈተ። በ1967 ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ ሆነ፤ አውቶቡስ ከየገጠሩ ልጆቹን ይጭን ጀመር።

ይህ የመጨረሻው እንደ ቀላል ነገር መታለፍ የለበትም። የነፃ ትምህርቱን አዋጅ ያወጡት የትምህርት ሚኒስትር ዶኖ ኦማሊ ቤተ ክርስቲያንን ለመጉዳት አላሰቡም፤ ያሰቡት ለድሃ ልጅ ነው፤ የሠሩትም ታላቅ መልካም ሥራ ነው። ውጤቱ ግን የገበሬ ልጅ መምህር፣ መሐንዲስ፣ የባንክ ሠራተኛ ለመሆን በክህነት በር ማለፍ አለማስፈለጉ ነው። ለሴት ልጅ ለውጡ ከዚህም የበለጠ ነበር። ነርስ ወይም የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር መሆን የምትሻ ልጅ ከዚህ ቀደም በገዳም በኩል ታገኘው የነበረውን አሁን በዩኒቨርሲቲ ታገኘዋለች። የደናግል ማኅበራት የቀነሱትም በዚህ የተነሣ ነው። ቤተሰቡም ጠበበ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ አንዲት ሴት በአማካይ አራት ልጅ ትወልድ ነበር፤ በ1990ዎቹ ከሁለት በታች ሆነ። ሁለት ልጅ ያላት እናት አንዱን ወንድ ልጇን ለክህነት ስትሰጥ የልጅ ልጅ የማየት ተስፋዋን ጭምር እየሰጠች ነው።

በ1966 ወደ ክህነትና ወደ ምንኩስና ሕይወት የገቡት ወንዶችና ሴቶች 1,400 ገደማ ነበሩ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወረደ። በ1996 ከመቶ ብዙም የማይበልጥ ሆነ። በ1979 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሲመጡ በፊኒክስ ፓርክ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወጣ፤ ያ ሁሉ ደስታና እንባ ግን ቁልቁለቱን አላስቆመውም። ቀደም ብዬ ያልኩት እዚህ ይታያል፤ የአንድ ቀን ሕዝብ ብዛት ስለ ጥሪ ብዙ አይነግርም። ተመሳሳዩን ነገር ካናዳዊቷ ኩቤክ በዚያው በ1960ዎቹ አይታለች፤ እዚያም ቤተሰቡ ትልቅ፣ ትምህርት ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ነበር፤ መንግሥት ትምህርት ቤቱን ሲረከብ ዘርዓ ክህነቱም አብሮ ሳሳ።

ከዚያ በኋላ ነው ቅሌቱ የመጣው። በ1992 ጳጳስ ኤመን ኬሲ ልጅ እንደነበራቸው ተገለጠ። ከዚያ እጅግ የከፋው ተከተለ፤ በ2009 የወጡት የራያንና የመርፊ የመንግሥት ምርመራ ሪፖርቶች በየተቋማቱና በደብሊን ሊቀ ጳጳሳት ሀገረ ስብከት ሕፃናት የደረሰባቸውን ዘረዘሩ፤ መርፊ በተለይ ባለሥልጣናቱ ከሕፃናቱ ይልቅ ለምስጢርና ለቤተ ክርስቲያን ስም መጨነቃቸውን ጻፈ። ይህ በደል በካህናት ቁጥር ስሌት ውስጥ እንደ አንድ ምክንያት ብቻ ሊቆጠር አይገባም፤ ለተበደሉት ፍትሕ የሚጠይቅ ነገር ነው። ከቁጥሩ አንጻር ያደረገው ነገር ግን መጀመር ሳይሆን መዝጋት ነው። ጥቂት የቀሩት ወላጆች ለልጃቸው ክህነትን የሚመኙበትን ልብ ወሰደ። ከ1993 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት የካርሎ፣ የኪልኬኒ፣ የዋተርፎርድ፣ የዌክስፎርድ፣ የደብሊኑ ክሎንሊፍና የተርልስ ዘርዓ ክህነቶች አንድ በአንድ ተዘጉ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ የውድቀት ታሪክ ብቻ በሆነ። በምሥራቅ ናይጄሪያ ግን ሌላ ገጽ አለው። አየርላንዳዊው ጆሴፍ ሻናሃን በ1902 ወደ ኢግቦዎች አገር ሲደርሱ ምእመኑ ጥቂት ነበር። ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት እየከፈቱ ሄዱ፤ ሕዝቡ ለትምህርት መጥቶ ለእምነት ቀረ። ዛሬ ብፁዕ ተብለው የሚከበሩት ሲፕሪያን ሚካኤል ታንሲ በ1937 ክህነት የተቀበሉት ከዚያ ፍሬ ነው። ቀደም ሲል በ1919 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ በሚስዮን አገሮች የአገር ተወላጅ ካህናት እንዲሠለጥኑ አጥብቀው ጽፈው ነበር፤ በቫቲካን የኢትዮጵያ ኮሌጅን ያቋቋሙትም በዚያው ዓመት ነው። ይሁንና በምሥራቅ ናይጄሪያ እስከ 1960ዎቹ ድረስ አብዛኛው ቁምስና በአየርላንዳውያን እጅ ነበር። የቢያፍራ ጦርነት በ1970 ሲያበቃ መንግሥት ሚስዮናውያኑን አባረረ። ብዙዎች ቤተ ክርስቲያኗ ታልቃለች ብለው ፈሩ። የሆነው ሌላ ነው፤ ኃላፊነቱ በሙሉ በተወላጆቹ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ የኢኑጉው የቢጋርድ መታሰቢያ ዘርዓ ክህነት ሞልቶ በዓለም ከታወቁት ትልልቆች አንዱ ሆነ። ዛሬ ናይጄሪያዊ ካህን በአየርላንድ ገጠር ሲቀድስ ማየት የተለመደ ነው።

የዓለሙ ቁጥርም ይህን ሽግግር ያሳያል። በ1970 በዓለም ላይ 419,728 የካቶሊክ ካህናት ነበሩ፤ በ2022 ወደ 407,000 ገደማ። በዚህ መሐል የካቶሊኩ ሕዝብ ከእጥፍ በላይ አድጎ 1.39 ቢሊዮን ደርሷል። አውሮፓ የጎደለውን በአብዛኛው አፍሪካና እስያ ሞልተውታል። የዘርዓ ክህነት ተማሪዎች ግን በ2011 ከ120,000 በላይ ከደረሱ በኋላ ወርደው በ2022 ወደ 108,000 ገደማ ሆነዋል፤ በእነዚያ የመጨረሻ ዓመታት መጨመሩ የቀጠለው በአፍሪካ ነው።

እንግዲህ የአየርላንድ ታሪክ የሚናገረው በአሁኑ ሰዓት ለሞሉት ነው። አፍሪካ ውስጥ ዛሬ ዘርዓ ክህነት የሚሞላው በነዚያው ምክንያቶች ጭምር ነው፤ ቤተሰቡ ትልቅ ነው፤ ጥሩ ትምህርት ውድ ነው፤ ካህን ይከበራል፤ እናት ትጸልያለች። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ግን አንዳቸውም ቋሚ አይደሉም። ጳጳስ በሞላበት ዘመን ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው። የመጣውን ሁሉ ከመቀበል ይልቅ በደንብ መመርመር፣ ልጅን በአሥራ አራት ዓመቱ ከመሰብሰብ ይልቅ እስኪበስል መጠበቅ፣ ምእመናንን ካህን ሳያልቅ አስቀድሞ ለአገልግሎት ማሠልጠን ይችላል። አየርላንድ ግን የመጀመሪያዎቹን ቋሚ ዲያቆናት (ወደ ቅስና ሳያልፉ በዲቁና የሚያገለግሉትን) የሾመችው በ2012 ነው፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ይህን ከፈቀደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ሲል ማለት ነው።

ሙላቱ ቋሚ አለመሆኑን ለማየት ኬንያን እንመልከት። በ1970ዎቹ መጨረሻ አንዲት ኬንያዊት እናት በአማካይ ስምንት ልጅ ትወልድ ነበር። በ2003 አምስት ገደማ ሆነ፤ በ2022 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 3.4። ዛሬ የናይሮቢን ዘርዓ ክህነት በር የሚያንኳኳው ወጣት አምስት ልጆች ካሉበት ቤት የመጣ ነው። በ2040 የሚያመለክቱትም ተወልደዋል፤ አሁን ሕፃናት ናቸው፤ ብዙዎቹ ወንድም አንድ ብቻ አላቸው፣ አንዳንዶቹም የላቸውም።